የተባረከው አጃና የሙሴው በቅሎ

በሕይወቴ ከበቅሎ ጋር የተጣላሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እሷም ብትሆን ጥፋት አልነበረባትም፤ የሰጧትን በላች፣ ጆሮዋን ነቀነቀች፣ ጌታዋን ተሸክማ ወደ ቤቷ ሄደች። ጥፋቱ የጌታዋ ነበር። አባቶች «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ይላሉ። እኔ ግን ቂሜን በሁለት እጄ አቅፌ ጸልያለሁ፤ ጸሎቴም ተሰምቷል። እንዴት እንደተሰማ ላጫውታችሁ።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። ቤታችን ቡራዩ፣ እንጀራዬ ደግሞ ገፈርሳ ውሃው አጠገብ ነበር፤ አንድ የፈረንጅ መሐንዲስ ቤት ምግብ አብሳይ ነበርኩ። ፈረንጁና ሚስቱ እንደ ወፍ ቆንጥረው ይነሳሉ፣ የተረፈውን እኔ እጨርሳለሁ። ምግብ መድፋት ነውር ነው ብዬ ሳልደፋ ሳልደፋ፣ ራሴ የምደፋ ሆንኩ። ማታ ከገፈርሳ በእግሬ ስመለስ ሆዴ ቀድሞኝ ቤት ይገባና ሚስቴ ለእሱ የእጅ ውሃ ታቀርብለት ነበር፤ እኔ ትንሽ ቆይቼ እደርሳለሁ። ዳገቱ ላይ ስተነፍስ የመንገዱ ባሕር ዛፍ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል።

አንድ ቀን የማገዶ እንጨት ይዤ ደረጃ ስወጣ ዓይኔ ጨለመና እዚያው ቁጭ አልኩ። የቤቱ እመቤት፣ ማዳም እንላት ነበር፣ ደንግጣ መኪናዋ ላይ አሳፈረችኝና ከተማ ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ። ሐኪሙ ሆዴን እንደ ከበሮ መታ መታ አደረገ፤ ድምፁ ሳያስደስተው አልቀረም፣ ደገመው። ከዚያ ቅቤ ተው አለኝ፣ ጥሬ ሥጋ ተው፣ ጠላ ተው።

«ታዲያ ምን ቀረኝ ዶክተር?» ብለው፣ «ዕድሜ» አለኝ።

በማግሥቱ ማዳም ከራሷ ቁርስ አካፈለችኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ ያንን ቁርስ በየጠዋቱ ሳቀርብላት በሆዴ አዝንላት ነበር። አጃ ነው፤ በማር ታሽቶ፣ ለውዝ ገብቶበት፣ ምድጃ ውስጥ ቡናማ እስኪሆን የደረቀ፤ ወተት ይፈስበታል። በእኛ አገር አጃ የሚበላው አራስ፣ በሽተኛና ፈረስ ነው። እሷ አራስ አይደለችም፣ በሽተኛም አይደለችም፤ ሦስተኛውን እንዳላስብ ደመወዝ ትከፍለኛለች። የመጀመሪያውን ጉርሻ ጠዋት ማኘክ ጀምሬ ምሳ ሰዓት ላይ ነው የዋጥኩት። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ግን እኔው ራሴ ስኒ ይዤ ምድጃው በር ላይ ቆሜ እጠብቅ ጀመር።

ሚስቴ የሱሉልታ ልጅ ናት። ሱሉልታ ብርዱም፣ ሣሩም፣ ፈረሱም፣ አጃውም ሞልቷል። ለአባቷ አንድ ቁና አጃ ይላኩልን ስትላቸው ሽማግሌው ሙሉ ጆንያ በአህያ ጭነው መጡና ግቢያችንን ዞረው ዞረው አዩ።

«ፈረሱ የት አለ?» አሉ።

«ይኸውና» አለች ሚስቴ በአገጯ ወደ እኔ እያመለከተች። ከዚያ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ በኦሮምኛ ጠየቀችኝ፤ «አቲ ነመ ሞ ፈርደ?» ሰው ነህ ወይስ ፈረስ ማለቷ ነው። «እስካሁን ሰው ነኝ» አልኳት። «ብሞት ግን ሁለቱንም አልሆንልሽም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ አጃው የእሷ ሥራ ሆነ። ውሃ ረጨት አድርጋ በሙቀጫ ትሸከሽከዋለች፣ ገለባውን በሰፌድ ታበጥራለች፣ ብረት ምጣድ ላይ ለብ እያደረገች ታምሰዋለች፣ በወፍጮ ድንጋይ ከካ ከካ ታደርገዋለች። ምድጃ ስለሌለን ማሩን አቅልጣ ትለውሰውና ትሪ ላይ አስፍታ ፍም ዳር ታደርቀዋለች። ለውዙ ውድ ነው ብላ ሱፍና ሰሊጥ አስገባችበት። በጾም ቀን ወተቱን ትታ በሱፍ ውሃ ታቀርበዋለች። እኔ ከዚያ በፊት የፈረንጅ ቁርስ ጾም ሲያከብር አይቼ አላውቅም። አንድ ቀን ቋጥሬ ለማዳም ወሰድኩላት፤ ቀመሰችና የራሷን ወደ ጎን ገፋችው።

እኔም ከሳሁ። መክሳት ብቻ አይደለም፣ የክረምት ነፋስ ሲነሳ ሚስቴ በመቀነቷ ከምሰሶው ጋር ታስረኝ ነበር። ዳገቱን እያፏጨሁ መውጣት ቻልኩ። ሚስቴ ይህን ስታይ በሙያዋ ኮራች፤ ይባስ ብላም በማኅበራችን ቀን ለሰው ሁሉ ላቅርብ አለች። መከራችንም ከዚህ ይጀምራል።

ማኅበራችን የሚካኤል ነበር። በየወሩ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ከማኅበርተኛው በአንዱ ቤት እንሰበሰባለን። ተረኛው ያዘጋጃል፣ ቄሱ ይባርካሉ፣ ይበላል ይጠጣል፤ ሲያበቃ ጽዋው በነጠላ ተሸፍኖ ለሚቀጥለው ተረኛ ይሰጣል። ጽዋ የሚገባበት ቤት ሰው የሚኖርበት ቤት ነው። ጽዋ የዘለለውን ቤት ግን ጎረቤት እሳት ለመጫር እንኳ አይረግጠውም። ሚስቴ ልጅ አልወለደችም፤ በሰፈሩ ሴቶች መካከል ቀና ብላ የምትሄደው በዚያ ጽዋ ነበር።

የማኅበሩን አለቃ ሙሴ እንለዋለን። የእኛ ሙሴ የእህል ነጋዴ ነበር፤ ከእኔ የድሮ ሆድ የሚበልጥ ሆድ በቡራዩ የነበረው እሱ ብቻ ነው። መቶ እርምጃ ለማይሞላ መንገድ በቅሎ ይጭናል። የገባበት ቤት ሁሉ ማንንም ሳይጠይቅ ከላይኛው መደብ ላይ ይቀመጣል፤ መደቡም ያቃስታል።

ተራችን ደረሰ። ዳቦው ነበር፣ ጠላው ነበር፣ ሽሮውም ነበር። በቅቤ ከሚዋኘው ሥጋ ወጥ ፋንታ ግን ሚስቴ አጃዋን በትልቅ የእንጨት ገበቴ ሞልታ ከዳቦው ጎን አስቀመጠች። ቄሱ ቆመው «አባታችን ሆይ» ብለው ገበታውን ከዳር እስከ ዳር ባረኩ። ይህን ያዙልኝ፤ ከዳር እስከ ዳር።

ሙሴው ገበቴውን ወደ አፍንጫው አስጠጋ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«አጃ ነው ጋሼ፤ በማርና በሱፍ» አለች ሚስቴ ፊቷ በርቶ።

«አጃ! ማን ወለደ እዚህ ቤት?»

ሰው ሳቀ። ሚስቴ ላይ ያ ቃል የት እንደገባ እኔ ነኝ የማውቀው። ቢሆንም ለጨዋታ ብዬ ዋጥኩት።

«ለጤና ነው ጋሼ፤ እኔን አያዩኝም እንዴ?»

«አይቼሃለሁ እንጂ! ጋጣ ውስጥ ያደርክ ትመስላለህ።» ብድግ አለ፣ ገበቴውን እንደያዘ ወደ ደጅ ወጣ። በቅሎው በራችን ላይ ታስራ ነበር። «እስቲ ባለሙያዋ ትቅመስልኝ» አለና አፏ ስር አቀረበላት።

በላች። እንዴት አድርጋ በላች! ዓይኗን ጨፍና፣ ከንፈሯን እየላሰች፣ የገበቴውን ጥግ በምላሷ እየፈለገች። በዚያ ቀን የሚስቴን ሙያ ያወቀላት እሷ ብቻ ናት። ማኅበሩ በሳቅ ፈረሰ፤ ቄሱ ራሳቸው ጠላው በአፍንጫቸው እስኪወጣ ሳቁ። ሙሴው የሳቁ ጌታ ሆኖ ተመልሶ ገባና ጽዋውን አንስቶ ፈረደ፦

«ከእንግዲህ ጽዋው ይህን ቤት ይዝለለው። በቅሎ ማኅበር የገባች ዕለት ያን ጊዜ ይመለሳል።»

ጽዋው በነጠላ ተሸፍኖ ሌላ ሰው እጅ ገብቶ ከቤታችን ወጣ። እንግዶቹ ሲሄዱ ሚስቴ ደጅ ወጥታ ገበቴውን ከመሬት አነሳች። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። ግድግዳው ላይ ካለው ችንካር ሰቀለችውና፣

«አላጥበውም» አለች።

«እስከ መቼ?»

«እሱ እስኪበላበት።»

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። በየወሩ ጽዋው ከላያችን ቤት ወጥቶ፣ በደጃችን አልፎ፣ ከታችኛው ቤት ሲገባ እልልታውን በአጥር ቀዳዳ እንሰማለን። ሚስቴ ያን ቀን ውሃ ለመቅዳት እንኳ አትወጣም። እኔ ደግሞ ለሙሴው የሚገባውን ቅጣት ሳብሰለስል ከረምኩ። መጀመሪያ ገፈርሳ ውሃ ውስጥ ልከተው አሰብኩ፤ ግን ያ ሆድ ሲገባ ውሃው ሞልቶ አዲስ አበባ በጎርፍ ትወሰዳለች፣ የከተማው ሕዝብ ምን በደለኝ? ከዚያ በኋላ ነው ያ አንድ ነገር ትዝ ያለኝ። ከዳር እስከ ዳር!

በማግሥቱ ሙሴው በበቅሎው ሲመጣ መንገድ ላይ ጠበቅሁት። ኮፍያዬን አውልቄ፣ ጎንበስ ብዬ፣ በቅሎዋን እጅ ነሳሁ።

«እንደምን አደሩ ማኅበርተኛዬ? ቤተሰብዎ ደህና ነው? ጋጣው አይበርድም?»

ወደ ጌታዋ ቀና ብዬ «ሰላም ነው?» አልኩና ለማለፍ ተንቀሳቀስኩ።

«ምን ማለትህ ነው፣ አንተ ቀላማጅ?»

«የተባረከ የበላ ሁሉ ማኅበርተኛ አይደለም እንዴ ጋሼ? እርስዎ በእጅዎ አጉርሰዋታል።»

አለንጋውን አነሳ፤ እኔ ግን ከሳሁ ብያችኋለሁ፣ አለንጋው ሲያርፍ የነበርኩበት ቦታ አልነበርኩም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባየኋት ቁጥር አንቱ እያልኩ ሰላምታዬን አላስታጎልኩባትም። ሚካኤል በዋለ ጠዋት እንኳን አደረስዎ እላታለሁ። ጨዋታው የገበያ ሴቶች አፍ ውስጥ ገባ። ሙሴው እህል ሊሰፍር ሲቀመጥ «ማኅበርተኛዋስ እንዴት ናት?» ይሉታል፣ ደግሞ በቁም ነገር ፊት ነው። ቀጥሎ ወሬው ወደ ቄሱ ተዛመተ። አንዲት አፈኛ ጠላ ሻጭ ገና ከሩቅ ስታያቸው «የበቅሎዋ የነፍስ አባት መጡ» ማለት ጀመረች። ቄሱ ሳቃቸው ቆመ። የተባረከ ምግብ ለእንስሳ ሲሰጥ ጠላ ይዘው የሳቁ እሳቸው መሆናቸው ሰው ሁሉ ትዝ እያለው መጣ። ይህንንም እኔ ነኝ ያስታወስኳቸው። ጉድለት እንዳይኖርበት ብዬ በየቤቱ ዞሬያለሁ።

ዓመት ሳይሞላ ሙሴው ታመመ። ውሃ ይጠማዋል፣ ይደክመዋል፣ በቅሎው ላይ መውጣት አቅቶት ሰው ይደግፈዋል። ከተማ ወስደው ሐኪም አሳዩት፤ ስኳር ነው ተባለ። በዚያው ሰሞን ሚስቱ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተሸፋፍና በጓሮ በኩል ቤታችን መጣች። እትዬ እንላታለን፤ ጨዋ ሴት ናት፣ ከባሏ በስተቀር ነውር የለባትም።

«ሐኪሙ ቅቤውን ተው፣ ጥሬ ሥጋውን ተው፣ ጠላውን ተው አለው» አለች።

የማውቀው መዝሙር ነው። ቀጣዩን ስንኝ ጠበቅሁ።

«ጠዋት ጠዋት ምን ይብላ ብለው... አጃ ይብላ አለኝ።»

ሚስቴን አየኋት። ሚስቴ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ገበቴ አየች።

«እኔ ቤት ሞክሬው ነበር» አለች እትዬ። «እንደ ጭቃ ሆነብኝ፤ ግድግዳ ልመርግበት ምንም አልቀረኝ። እባካችሁ አንድ ቁና እንኳ አድርጋችሁ ስጡኝ። የፈለጋችሁትን ልክፈል።»

«ገንዘብሽን ያዢ እትዬ» አለቻት ሚስቴ። «የእኛ አጃ አይሸጥም። የተባረከው አጃ ጉዳይ ገና አላለቀም። በማኅበሩ ፊት ይለቅ፤ ከዚያ በኋላ በነፃ ነው።»

እትዬ አልተቆጣችም። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «እሱም ሌሊት ሌሊት ይህንኑ ነው የሚያስበው መሰለኝ» አለች። «ሕመሙ የመጣብኝ ከዚያ ነው ይላል በሆዱ፤ በአፉ ግን አያወጣውም። አንተ ደግሞ ያቺን በቅሎ ሰላም ባልክ ቁጥር እንቅልፍ ያጣል።»

ደስ አለኝ ብል እግዜር ይታዘበኛል፤ አላለኝም ብል ደግሞ እናንተ ትታዘቡኛላችሁ።

የሚቀጥለው ተራ የሙሴው የራሱ ነበር። ቄሱ ዘንድ ሄጄ ያሰብነውን ነገርኳቸው፤ ገና ሳልጨርስ «መላው ጥሩ ነው፣ መላው ጥሩ ነው» እያሉ መቋሚያቸውን ፈለጉ። ያን ሳምንት ሚስቴ አጃውን ስትሸከሽክ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ሰፌዱን ስታነሳ እጇን ያዝኩት።

«ለሌላው ሰው አበጥሪ። የእሱን አታበጥሪው።»

«ገለባው ጉሮሮውን ይቧጥጠዋል እኮ።»

«ታዲያስ!»

«ማሩስ?»

«ስኳር አለበት አላሉም? እኛ የሐኪም ትእዛዝ የምንጥስ ሰዎች ነን?»

ሚስቴ ከዚያ ክፉ ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እስኪያማት ሳቀች።

በቄሱ ጥሪ ሙሴው ቤት ስንገባ ማኅበርተኛው ሞልቷል። ሙሴው ከላይኛው መደብ ላይ ነበር፤ ግን መደቡ አላቃሰተም፣ እንደዚያ ቀልሎ ነበር። ቄሱ ገበታውን ባረኩና ሳይቀመጡ ንግግር ጀመሩ።

«በዚህ ማኅበር የተባረከ ማዕድ ለእንስሳ ተሰጥቷል። ያየ ሁሉ ስቋል፤ የሳቀም ሁሉ በድሏል።» ራሳቸውን በዚህ በኩል ቶሎ አሳለፉና ወደ ሙሴው ዞሩ። «አንተ ያን ዕለት ምን ብለህ ፈረድክ?»

«ለጨዋታ ነው አባ።»

«ምን ብለህ ፈረድክ ነው ያልኩህ።»

«በቅሎ ማኅበር የገባች ዕለት ጽዋው ይመለሳል...»

«በቅሎዋ የበላችው ምን ነበር?»

ሙሴው መሬት መሬት አየ። «የተባረከ።»

«እንግዲያስ ያን ዕለት ገብታለች፤ ያስገባሃትም አንተ ነህ። ፍርድህ ራስህን አስሮሃል። አሁን አንተም በቅሎህ የበላችውን፣ በቅሎህ በበላችበት ዕቃ፣ ሳታስተርፍ ትበላለህ። ጽዋውንም በገዛ እጅህ ለዘለልካት ቤት ትሰጣለህ።»

ሚስቴ ገበቴውን ከነጠላዋ ስር አወጣች። ታጥቦ ነበር ወይ? ብዙ ሰው ጠይቆኛል። ይህን ጥያቄ የንስሐ አባቴ ይጠይቁኝ እንጂ ለሌላ አልመልስም። አጃውን እስከ አፉ ሞላችው። ለሌላው ሰው በማር የተለወሰው፣ በሰሊጥ ያጌጠው በትሪ ዞረ። ያን ዕለት ከሁሉም በላይ የሳቁት ሁለት እጃቸውን ሰደው እያነሱ «ወይ ሙያ! ወይ ሙያ!» ይሉ ጀመር። ለሙሴው ግን ደረቁ፣ ገለባው ያልተበጠረው፣ ከአንድ ዋንጫ ውሃ ጋር።

አኘከ። ፊት ለፊቱ ተቀምጬ አየሁት፤ እንደዚያ ያለ ትያትር በገንዘብም አይገኝ። መንጋጋው ወዲህ ይሄዳል፣ ወዲያ ይሄዳል። ላቡ መጣ። ገለባ ሲያወጣ፣ ሲውጥ፣ ውሃ ሲጎነጭ፣ እንደገና ሲያኝክ። ድምፁ እስከ ገፈርሳ ሳይሰማ አልቀረም፤ ማዳም በመስኮት ብቅ ሳትል አልቀረችም። ሰው መጀመሪያ ፈገግታውን በነጠላው ሸፈነ፤ ኋላ ግን በቅሎዋ ሽታው ደርሷት ገመዷን ጎትታ አንገቷን በበሩ ስታስገባና ገበቴውን ትክ ብላ ስታይ፣ መሸፈን የሚባል ነገር ቀረ። እኔ ብድግ ብዬ ኮፍያዬን አወለቅሁ።

«ትንሽ ይታገሱ ማኅበርተኛዬ፤ ዛሬ ተራው የጋሼ ነው።»

ሙሴው ገበቴውን ጨርሶ ገለበጠው። ከዚያ ተነሳ፣ ጽዋውን አነሳ፣ በነጠላው ሸፈነው። በመደቦቹ መካከል አልፎ ሚስቴ ፊት ቆመ። ጎንበስ ብሎ ሰጣት። ሚስቴ በሁለት እጇ ተቀበለችው። ሴቶቹ እልል አሉ። በአጥር ቀዳዳ ስንሰማው የኖርነው ያ እልልታ አሁን በጆሯችን ላይ ወደቀ፤ እሷም ቀና አለች።

«ሙሴ» አለችው፣ «የሚቀጥለው ወር እኛ ቤት ነው። ይምጡ። በቅሎዋንም ይዘው ይምጡ፤ እሷ ሙያ ታውቃለች።»

ሰውየው ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ አጃ ይበላ ጀመር። አጃውን የምንልክለት እኛ ነን፤ በነፃ ብለናልና ቃላችን ቃል ነው። ሆዱ ጎደለ፣ ፊቱ ጠራ፣ ኋላ በቅሎውን ትቶ በእግሩ መሄድ ጀመረ። ሐኪሙ ራሱ ተደነቀ አሉ። ታርቃችኋል ወይ የሚለኝ ሰው አለ፤ አዎን፣ ሚካኤልን ታርቀናል፣ ስንገናኝ እንሳሳማለን። እትዬ ግን አልፎ አልፎ ቋጠሮዋን ልትወስድ ስትመጣ፣ «ምነው የእናንተ አጃ ገለባ ይበዛዋል?» ትለናለች። ሚስቴ ወደ እኔ ታያለች፣ እኔ ወደ ሰፌዱ አያለሁ፤ ሰፌዱም በችንካሩ ላይ እንደተሰቀለ ይውላል።